የእሑድ አክስቶች

ጥር 16 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ እሑድ

የጥየቃ ቀን። ከቅዳሴ በኋላ ዘበኛው ሙሄ በሩን ከፈተ። እንደ ወትሮው እያንዳንዷን ያቆማል።

«ማንን ነው?»

«ታደለን።»

«ምኑ ነሽ?»

«አክስቱ።»

«ግቢ።»

ቀጥሎ ሌላ አክስት። ቀጥሎ ሌላ። እስከ ምሳ ሰዓት አግዳሚ ወንበሩ በአክስቶች ሞላ። ቆሎ የያዙ፣ የታጠበ ቀሚስ የያዙ፣ ባዶ እጃቸውን የመጡ።

ይህ ማሳደጊያ ስልሳ ሦስት ልጆች አሉት። ደንቡ አባትም እናትም የሌላቸውን ብቻ ነው የሚቀበለው። አንዱ በሕይወት ካለ ልጁ ይመለሳል።

የእኔም መጣች። ገዲሴ። ቄራ ኩበቷን ሸጣ በዚያው። ለአፀደ ጭኮ በቅጠል ጠቅልላ።

«አክስቴ፣ ዛሬ ቅቤው ቀጥኗል» አለቻት አፀደ እየላሰች።

«ላሚቱን ቁጪያት።»

ተሳሳቁ። እኔ ቆሜ አየኋቸው።

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ዛሬ ልጻፈው። ገዲሴ እናቴ ናት። የእኔም፣ የታናሽ እህቴ የአፀደም። እኔ አውቃለሁ። አፀደ አታውቅም። ከእኔ ሦስት ዓመት ዘግይታ ስትገባ ሦስት ዓመቷ ነበር። አሁን አሥራ አንድ ሆናት። እናቷ የሞተች፣ አክስቷ የምትወዳት ልጅ ናት።

እኔ ስመጣ አሥር ዓመቴ ነበር። አባታችን ቱሉ በሞተ በሁለተኛው ወር። ከላፍቶ ወደ መካኒሳ ስንመጣ፣ ወንዙን ሳንሻገር አስቆመችኝ።

«እኔ ማን ነኝ?»

«አዮ።» በቤታችን እናት አዮ ናት።

በጥፊ። «እኔ ማን ነኝ?»

«አዮ...»

በጥፊ። በሦስተኛው «አክስቴ» አልኩ። አቀፈችኝ፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ተሻገርን። ማዶ ላይ ስሜም ዲንቄ መሆኑ ቀረ። ጸሐፊው ውዳሴ ብሎ መዘገበኝ።

ይኸው ውዳሴ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ እዚሁ ታናናሾቹን ታስተምራለች። እስካሁን ያ ጥፊ ጉንጬ ላይ አለ።

ጥር 22፣ ቅዳሜ

ቴሌቪዥን መጣልን! ማሳደጊያውን የሚረዳው ማኅበር ነው የላከው። አራት እግር ያለው ሣጥን። አዳራሹ መድረክ ላይ አቆሙት፣ አንቴናውን ቀርከሃ ላይ አስረው ጣሪያ ላይ ሰቀሉት። ማታ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ሰፈሩ ሁሉ ተጋፍቶ ገባ። ከላፍቶ፣ ከለቡ የመጡ አሉ። ገዲሴም መጥታለች።

አባባ ሁንዴሳ ከፊት ተቀምጠዋል። ዜና አንባቢውን ብዙ አዩት።

«ይሄ ሰውዬ እኛን ያየናል?»

«አያየንም፣ አባባ።»

«ታዲያ ለማን ነው ፈገግ የሚለው?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ፈራሁ... አባባ ሁንዴሳ የአባቴ ጓደኛ ናቸው። «ቱሉም ሚስቱም ሞተዋል» ብለው ለማሳደጊያው ከፈረሙት ሦስት ሽማግሌዎች ዛሬ በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። የገደሏት ሴት ከኋላቸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ቴሌቪዥን ታያለች።

ጥር 26፣ ረቡዕ

ሥራ አስኪያጁ አቶ ቦጋለ አስጠሩኝ። ደስ ብሏቸዋል።

«ውዳሴ፣ ቴሌቪዥን ላይ ልትወጪ ነው።»

ስለ በጎ አድራጎት ፕሮግራም አለ። ለጋሾቹ ሁሉ ያዩታል። ማሳደጊያው አንዲት ልጅ ያቀርባል፤ ከምንም ተነስታ መምህርት የሆነች። መጀመሪያ ፊልም ይታያል፤ እኔ በእናቴ መቃብር ላይ ቆሜ። ቀጥሎ እስቱዲዮ ገብቼ እጠየቃለሁ። የምመልሰውን ጽፈው ሰጡኝ። «እናቴን አላስታውሳትም። እናቴ ይህ ማኅበር ነው።»

«መቃብሯ የት እንደሆነ አላውቅም» አልኩ።

«አክስትሽን ጠይቂያት» አሉ።

ሲሉት ፈገግ አሉ? ወይስ ለእኔ መሰለኝ?

ጥር 28፣ ዓርብ

ሁለት ቀን ወረቀቱን ይዤ ዞርኩ። ዛሬ ቢሯቸው ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

«አቶ ቦጋለ፣ እናቴ አልሞተችም።»

ብዕራቸውን ቀለም እየሞሉ ነበር። ቀና አላሉም።

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«ግንባርሽ የእሷ ነው። ዓይን የለኝም መሰለሽ? እዚያ አግዳሚ ላይ እሑድ እሑድ የሚደረደረው ሁሉ አክስት ነው? አገሩን ሙሉ እናት አልቆ አክስት ብቻ ቀረ?»

«ታዲያ ለምን...»

«ለጋሾቹ ወላጅ አልባ ስላቸው ይሰጣሉ። ደሃ ብላቸው ማን ይሰማኛል? ደሃ የትም ሞልቷል። እኔ ደንቡን አላወጣሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ስልሳ ሦስት ልጅ አበላለሁ።»

ከዚያ መሳቢያውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «የሽማግሌዎቹ ወረቀት እዚህ ነው። አፍሽ ካመለጠሽ አፀደ ወዲያው ትወጣለች። ሁንዴሳ ደግሞ በሐሰት መስክረዋል። ሕጉን አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ተምረሻል።»

በሩን በርግጄ ወጣሁ። ልጆቹ ደነገጡ።

በጣም የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ... ካሉት ግማሹ እውነት ነው። እኔስ ባልገባ ማን ያስተምረኝ ነበር?

ጥር 30፣ እሑድ

ገዲሴን ከማድ ቤቱ ጀርባ ወስጄ ነገርኳት።

«እናቴ ሞታለች ብዬ ልናገር?»

«ከተናገርሽው ቆየ እኮ።»

«ያኔ ለአንድ ጸሐፊ ነው። ይሄ አገር ሙሉ ነው! መቃብርሽ ላይ ቁሚ እያሉኝ ነው!»

ትንሽ አሰበች። ኩበቱ የት ይቆለል እንደምትል አድርጋ አሰበች።

«የእህቴን አሳዪያቸው። የእሷ እዚያው ደብሩ ጥግ ነው። እሷ አትቀየምም።»

«ሟርት ነው» አልኳት። እኔ! ባዮሎጂ ዘጠና ያመጣሁት!

«አሥራ አንድ ዓመት ሞቼ ኩበት እየሸጥኩ ነው» ብላ ሳቀች። ሳቁ መሐል ሳል ያዛት። ቶሎ አልለቀቃትም። ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

«አፀደ ትማር» አለች ሲለቃት። «ሌላውን ተዪው።»

የካቲት 3፣ ረቡዕ

 እንደ ሆነው ልጻፍ።

ካሜራ የያዘው ልጅ አስረስ ይባላል፤ ጨዋ ነው። እኔና ገዲሴ ደብሩ በር ላይ ስንጠብቅ ከአቶ ቦጋለ ጋር በመኪና መጡ። በሩ ሲከፈት አፀደ ወረደች! ሳይነግሩኝ አመጧት። «ሁለት እህትማማች ይሻላል» አሉ።

መቃብሩን የምታውቀው ገዲሴ ብቻ ስለሆነች እየመራች ወሰደችን። «ይሄ ነው» አለች። ድንጋይ የተከመረበት፣ ሣር የበቀለበት። አክስቴ። እውነተኛዋ።

እኔ ቆምኩ። አልተናገርኩም፣ አላለቀስኩም። አስረስ «ትንሽ ጎንበስ በይ እህቴ» አለኝ። አልጎነበስኩም።

አፀደ ግን... አፀደን ማንም ጎንበስ በይ አላላትም። ተንበረከከች። ድንጋዩን ዳበሰችው። በሹክሹክታ፣

«እማዬ፣ አፀደ ነኝ። አምስተኛ ክፍል ነኝ። በሒሳብ አንደኛ ወጣሁ።»

ገዲሴ ከአስረስ ጀርባ ሦስት እርምጃ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

አስረስ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሳ፣ «እትዬ፣ ጥላዎት እየገባብኝ ነው፤ ትንሽ ወደ ኋላ» አላት።

ወደ ኋላ ሄደች።

የካቲት 4፣ ሐሙስ

አፀደ ክፍል ውስጥ ለጓደኞቿ ስለ መቃብሩ ስታወራ ሰማሁ። ኮርታለች። አሁን ቦታ አላት።

ልንገራት? ብነግራት ለጓደኛዋ ትናገራለች፤ ልጅ ናት። ባልነግራት...

የካቲት 7፣ እሑድ

ገዲሴ አልመጣችም። አሥራ አንድ ዓመት አንድም እሑድ ቀርታ አታውቅም። አፀደ በሩ ላይ እስከ አሥር ሰዓት ቆማ ጠበቀች። ሙሄ «ኩበቱ ሳይሸጥላት ቀርቶ ይሆናል» ብሎ አስገባት።

የካቲት 8፣ ሰኞ

ትምህርቱን ለሌላ ሰጥቼ ወደ ላፍቶ ሮጥኩ። በእግሬ። ወንዙ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ቤቱ ውስጥ ለቅሶ ቢሆንስ? የእሷ ነው በተባለው መቃብር ላይ በቆምኩ በአምስተኛው ቀን! የማላምንበትን ነገር እንዲህ መፍራት...

በሕይወት አለች። ተኝታለች። ሰውነቷ ያቃጥላል። ሳሏ ከደረቷ ሥር ነው የሚመጣው። የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ደበቀች። በግድ ፈልቅቄ አየሁት።

ደም ነው።

«ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ነገ ቴሌቪዥንሽ አይደል? ፀጉርሽን ማን ይሠራሻል?»

«ፀጉር! ፀጉር ነው የምታወሪው?»

«አገር የሚያይሽ ቀን ተንጨባርረሽ ልትሄጂ ነው? ኋላ ‹እናት የላትም› ይሉሻል።»

ያለችውን የሰማችው ካለች በኋላ ነው። 

የካቲት 9፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

መጣች። ያንን ሁሉ መንገድ በእግሯ። ጓሮ በርጩማ ላይ አስቀምጣ ሹሩባ ሠራችኝ። ትስላለች፣ ጣቷ ግን አልሳተም። ቅቤ ቀባችኝ። አቶ ቦጋለ አልፈው ሲሄዱ «ለካሜራው ቅቤው እንዳይበዛ፣ አክስት» አሉ።

«በደንብ ተናገሪ» አለችኝ። «አትርበትበቺ። እኔ ዛሬ ከፊት ወንበር ነኝ።»

አፀደን አጠገቧ ታስቀምጣለች።

ወረቀቱን ሃያ ጊዜ አነበብኩት። እናቴን አላስታውሳትም። እናቴ ይህ ማኅበር ነው። አሥር ቃል እንኳ አይሞላም። እለዋለሁ። ለአፀደ ስል እለዋለሁ።

የካቲት 10፣ ረቡዕ

አላልኩትም።

እስቱዲዮው እንደ ምጣድ ይሞቃል። መብራቱ ዓይን ያጠፋል። ጠያቂው ደግ ሰው ነው፣ ውሃ ሰጠኝ። ፊልሙ ተጀመረ። ጥግ ላይ ባለች ትንሽ ቴሌቪዥን አየሁት። መቃብሩ። እኔ እንደ እንጨት ቆሜ። አፀደ ድንጋዩን ስትዳብስ። ድምፅ የለውም። አፏ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሒሳብ አንደኛ መውጣቷን የምናውቀው እኛ ነን። ሥዕሉ ጥግ ላይ፣ ሣሩ ላይ፣ አንድ ጥላ አለ። ከዚያ ጥላው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ወጣ።

ቀዩ መብራት በራ። አገር በሙሉ እያየኝ ነው፣ እኔ ግን ማንንም አላይም።

«ውዳሴ፣ እናትሽን ታስታውሻታለሽ?»

ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። 

«አስታውሳታለሁ» አልኩ። «ይሄን ሹሩባ ዛሬ ጠዋት የሠራችኝ እሷ ናት። ስሟ ገዲሴ ነው። አሁን መካኒሳ አዳራሹ ውስጥ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች። አሟታል።»

ጠያቂው ወረቀቱን አገላበጠ። «እ... ስለ ማኅበሩ ትንሽ...»

«ማኅበሩ አስተምሮኛል፤ አመሰግናለሁ። ግን እኔን ለማስተማር እሷ መሞት ነበረባት?»

ቀዩ መብራት ጠፋ። ሙዚቃ አደረጉ።

አዳራሹ ውስጥ የሆነውን አባባ ሁንዴሳ ናቸው የነገሩኝ። ሰው ሁሉ ከቴሌቪዥኑ ዞሮ ገዲሴን አየ። አፀደ እጇን እንደያዘች ነበር።

«አክስቴ፣ ምንድን ነው ያለችው?»

ገዲሴ ልትመልስ ስትል ሳል ያዛት። አፀደ እጇን ለቀቀች።

እህቴ ከሣጥን ሰማችው። እኔ ልነግራት አምስት ቀን ሙሉ ነበረኝ።

የካቲት 11፣ ሐሙስ

ከሥራ ወጣሁ። አፀደም ወጣች። አቶ ቦጋለ ቃላቸውን ጠበቁ። ሣጥኗን ተሸክሜ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ እስከ ላፍቶ አንድ ቃል አልተናገረችም። ወንዙ ጋ ቆመች።

«ለድንጋዩ አንደኛ ወጣሁ ስል ሁለታችሁም ቆማችሁ ሰማችሁኝ» አለች።



ገዲሴ ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። «የገነባሁትን ሁሉ በአንድ ምሽት ናድሽው። ማን ንገሪልኝ አለሽ?» ማንም አላለኝም።

የካቲት 14፣ እሑድ

የቀሩትን ደብተሮቼን ለመውሰድ ሄድኩ። ሆን ብዬ በጥየቃ ሰዓት። ይስደቡኝ ብዬ።

ሰደቡኝ።

«አንቺ ተማርሽ! የእኛን ልታስወጪ ነው?» አለችኝ የታደለ... አክስት። «ቴሌቪዥን ላይ ወጥተሽ ጀግና ሆንሽ? ነገ ደንቡን ቢያጠብቁ ልጄን አንቺ ታበያለሽ?»

ልጄን አለች። በሩ ላይ፣ ጮክ ብላ። ራሷም ደነገጠች።

ልክ ናት? አላውቅም። እስካሁን ሌላ ልጅ አልወጣም። ሊወጣ ግን ይችላል። ይህን ፍርሃት እኔ ነኝ ያመጣሁባቸው። አንዲት ሌላ፣ ስሟን የማላውቃት፣ ከለቡ የምትመጣ፣ ምንም ሳትል ሹሩባዬን በመዳፏ ዳሰሰችና ወደ በሩ ሄደች።

ሙሄ «ምኑ ነሽ?» ብሎ አልጠየቃትም። ዝም ብሎ ከፈተላት።

የካቲት 19፣ ዓርብ

ገዲሴን በበቅሎ ወደ ሐኪም ቤት ወሰድናት። በነፃ ለመታከም የድህነት ማስረጃ አምጡ አሉን። ሦስት ሽማግሌ ፈርሞበት ከምክትል ወረዳው ማኅተም የተደረገበት።

እንደገና ሦስት ሽማግሌ! ያኔ እንዳትኖር፣ አሁን እንድትኖር።

የመጀመሪያው ወረቀት የአቶ ቦጋለ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያኖረ ሰው አባባ ሁንዴሳን ያስራቸዋል። ይህን ነገርኳቸው። አይፈርሙም ብዬ... እውነቱን ልጻፍ፣ እንዳይፈርሙ ፈልጌ ሳይሆን፣ እንዲያውቁት ብቻ።

ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ሳቁ።

«አንድ ጊዜ ገድያታለሁ። ማስነሳቱም የእኔ ሥራ ነው።»

«ቢያስሩዎትስ፣ አባባ?»

«እስር ቤት ቴሌቪዥን አለ?»

የካቲት 24፣ ረቡዕ

ዛሬ ሽማግሌዎቹ እቤት መጡ። አባባ ሁንዴሳና ሁለት ጎረቤቶች። ገዲሴ ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች። ማስረጃውን ትናንት ጽፌው ነበር። ሦስቱም ማንበብ አይችሉም፤ ይነበብልን አሉ።

አፀደ ከመጣች ወዲህ ገዲሴን በምንም አልጠራቻትም። ውሃ ስትሰጣት «እንኪ»፤ ስትጠራት ደግሞ በሩን መታ መታ። ጥግ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ በራሷ ሒሳብ ትሠራለች። የመካኒሳው ትምህርት ቤት እስከ መስከረም አልቀበልም ስላለ።

ወረቀቱን ለአፀደ ሰጠኋት። «አንተ አንብቢው» አልኳት። አንተ አልኳት፣ ከድንጋጤ።

ተነሳች። እንደ ክፍል ውስጥ ቀጥ ብላ ቆማ አነበበች።

«ወይዘሮ ገዲሴ፣ በላፍቶ ነዋሪ የሆኑት፣ ባለቤታቸው አቶ ቱሉ ከሞቱ ወዲህ ያለ ረዳት የሚኖሩ፣ የሁለት ሴት ልጆች እናት...»

ቆመች። 

«ቀጥዪ» አሉ አባባ ሁንዴሳ።

«...እናት፣ በሕይወት ያሉና በብርቱ የታመሙ መሆናቸውን እናረጋግጣለን።»

«የልጆቹ ስም የለም እንዴ?» አሉ አንደኛው ጎረቤት። «እኔ ስም በሌለው ወረቀት ላይ አልፈርምም።»

ረስቼው ነው? ወይስ ፈርቼ? አፀደ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች። ሣጥኗ ላይ ወረቀቱን ዘረጋች። የእኔን ጻፈች። ውዳሴ ሳይሆን ዲንቄ። ማን እንደነገራት እንጃ። ከዚያ እስክሪብቶው ቆመ። ዞረች። ከዚያ ጥግ ከተቀመጠች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ገዲሴን አየቻት።

«የእኔስ በፊት ማን ነበር?»

ገዲሴ ሳሏን ዋጥ አደረገችው።

«ቡልቱ» አለች። «አባትሽ ነው ያወጣልሽ።»

«እንዴት ተብሎ ይጻፋል?» አለች አፀደ።

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ? አንቺ አይደለሽ የተማርሽው።»

ጻፈችው። አሳምራ፣ ከእኔ ጽሕፈት በሚበልጥ ጽሕፈት። ሽማግሌዎቹ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። አባባ ሁንዴሳ ሁለት ጊዜ ተጫኑት።

ነገ ጎህ ሲቀድ በቅሎው ይመጣል፤ ምክትል ወረዳው ማኅተም አስደርገን ወደ ሐኪም ቤት። ምን ይሉን ይሆን? ዘግይታችኋል ቢሉንስ? ወረቀቱን ደብተሬ ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ፈርቻለሁ። አፀደም ፈርታለች፤ ሄዳ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ገዲሴ እግር ሥር ተቀምጣለች።